መካከለኛ ስልክ በውድ ስልክ ዋጋ፦ ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ስልክ ልቀይር ብዬ ሳማርጥ ግራ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጎግል ስልክ ኔክሰስ 5 በዘመኑ ምርጥ ከሚባሉት ፕሮሰሰሮች አንዱን ይዞ በ349 ዶላር ነበር የወጣው። በ2025 አይፎን 16ኢ በ599 ዶላር ወጣ፤ ከኋላ አንድ ካሜራ ብቻ፣ ስክሪኑም 60 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ። ይህን «መካከለኛ» ብሎ መጥራት ለእኔ አይዋጥልኝም። ያዋጣል የምትሉ እስቲ አስረዱኝ።

አስሊዋ፦ የምትከፍለው ለሚታየው ነገር ብቻ አይደለም። 16ኢ ውስጥ ያለው ኤ18 ፕሮሰሰር ነው፤ ምስል ከሚያቀናብሩት የግራፊክስ ክፍሎቹ (ኮሮቹ) አንዱ ቢቀነስም በ799 ዶላር የወጣው አይፎን 16 የያዘው እሱኑ ነው። የጎግልን ፒክስል 8ኤ ደግሞ ተመልከት፦ በ499 ዶላር ወጥቶ የ7 ዓመት አፕዴት ተሰጠው። ለ7 ስታካፍለው በዓመት 71 ዶላር ገደማ ይመጣል። በ250 ዶላር ገዝተህ በሁለት ዓመት ተኩል አፕዴቱ ከቆመ ግን በዓመት 100 ዶላር ከፈልክ ማለት ነው። ታዲያ የቱ ነው ውዱ?

ጠጋኝ፦ እህቴ፣ ስሌትሽ ባትሪውን ረስቷል። ስልክ መጠገን ሥራዬ ስለሆነ በየቀኑ የማየው ይህንኑ ነው፤ ሶፍትዌሩ ገና ሳያረጅ ባትሪው ይደክማል። ከሰኔ 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንኳ የሚጠይቀው ባትሪው 800 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ነው። በቀን አንዴ ለሚሞላ ሰው 800 ማለት ከሁለት ዓመት ትንሽ ያለፈ ጊዜ ነው። ሰባት ዓመት ልትይዢው ካሰብሽ ቢያንስ አንድ፣ ምናልባትም ሁለት ጊዜ ባትሪ ትቀይሪያለሽ። በሙጫ የተጣበቀውን ለማውጣት ደግሞ በብዙ ስልኮች የኋላው መስታወት መነሳት አለበት፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ይህም ወጪ ይደመር።

አስሊዋ፦ እውነት ነው፣ ይደመር። ቢደመርም ግን ስልኩን በየሁለት ዓመቱ ከመቀየር የሚያንስ ይመስለኛል።

ፎቶ አንሺ፦ እኔን የሚያናድደኝ የካሜራው ቁጥር ነው። ሦስት ሌንስ ደርድረው አንዱን ባለ 2 ሜጋፒክስል ማክሮ (በጣም ከቅርብ የሚያነሳ) ያደርጉታል፤ ለቁጥር ማሟያ እንጂ ማንም አይጠቀምበትም። ማታ ላይ የሚሮጥ ልጅ አንሱበት፤ ልዩነቱ ያኔ ይታያል። ወሳኙ የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ስፋት ነው፤ እሱን ደግሞ ማስታወቂያ ላይ አያገኙትም። ለዚህ ዓይነት ካሜራ ውድ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው።

ጠያቂ፦ ታዲያ አንድ ዓመት ያለፈው ውዱ ዋና ሞዴል አይሻልም?

ፎቶ አንሺ፦ ለእኔ ይሻላል። የሳምሰንግ ዋና ሞዴል ጋላክሲ ኤስ24 በጥር 2024 ከ7 ዓመት አፕዴት ጋር ወጣ። መካከለኛው ጋላክሲ ኤ56 በመጋቢት 2025 ከ6 ዓመት ጋር። ሁለቱም አፕዴታቸው የሚያበቃው በ2031 መጀመሪያ ነው! ኤስ24 በተጨማሪ ከሩቅ የሚያነሳ ሌንስና ገመድ አልባ ቻርጅ አለው፤ ኤ56 ሁለቱም የሉትም። ዋጋቸው ከተቀራረበ ኤ56ን ለመግዛት ምክንያት አይታየኝም።

አስሊዋ፦ የስክሪን ስፋት ለሚፈልግ ምክንያት አለው። ኤ56 6.7 ኢንች፣ ኤስ24 6.2 ነው። እናቴ ለምሳሌ ትንሹን ስክሪን ማንበብ አትችልም።

ጠጋኝ፦ የዓምናውን የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። «አዲስ ነው፣ አልተከፈተም» ቢባልም ባትሪ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ከመክፈላችሁ በፊት የተመረተበትን ጊዜ ጠይቁ።