የበርበሬና የሽሮ ማሸጊያ፦ ቀይ ይሻላል ወይስ ጥቁር በወርቃማ?

ባለ ሱቅ፣ ጎንደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ በግማሽና በአንድ ኪሎ አሽገን ልንሸጥ ነው። ዲዛይነሩ ጥቁር ላይ ወርቃማ ጽሑፍ «ክብር ይሰጣል» ይላል። ሸሪኬ ደግሞ ቀይ ካልሆነ ገዥ ዞር ብሎ አያየውም ባይ ናት። ከረጢቱ ፊት ላይ እቃው የሚታይበት መስኮት አስበናል። ታፔላውም በዚያው ቀለም ይሠራል፤ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ምን ትላላችሁ?

ቀለም ለይ፦
«ቀይ ምግብ ያስርባል» በሚለው ብቻ አትወስኑ። ገዥ ቀለምን ከለመደው ነገር ጋር ያያይዘዋል፤ ወይን ጠጅ ታፔላ ከሩቅ ያየ ሰው ንግድ ባንክ መስሎት ነው የሚቀርበው። ቀይ ከረጢት በርበሬ መሆኑን ወዲያው ይናገራል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁሉ ቀይ ከሆኑ ግን የማን እንደሆነ አይናገርም።

መደርደሪያውን በሦስት ሜትር ርቀት በስልክ አንሡና ናሙናችሁን አስገብታችሁ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። እዚያ ውስጥ ከጠፋ ችግሩ የቀለሙ ዓይነት አይደለም፤ ድምቀቱ ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ስለሆነ ነው።

ሽሮን ደማቅ ቢጫ ከረጢት ውስጥ አታስገቡት። ከቢጫው አጠገብ አመድማ ይመስላል፤ ጥቁር አረንጓዴ አጠገብ ግን ይሞቃል። እኔ ብሆን ለሁለቱም ክሬም መደብ ይዤ፣ ለበርበሬው ጠቆር ያለ ቀይ ቀበቶ፣ ለሽሮው ጥቁር አረንጓዴ ቀበቶ አደርጋለሁ። ፊደሉና አቀማመጡ አንድ ይሁን።

የኅትመት ሰው፦
ስልክ ላይ ያያችሁት ቀይ ወረቀት ላይ አይወጣም፤ ስልኩ በብርሃን ነው የሚቀባው። ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ማተሚያው ወደሚጠቀምባቸው አራት ቀለሞች (ሲያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ሮዝማ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር) አስቀይሩና ከማጀንታ 100፣ ቢጫ 100፣ ጥቁር 10 በመቶ ጀምሩ። ናሙናው በዚያው ከረጢት ላይ ይታተም፣ ውጭ በቀን ብርሃን እዩት። ወርቃማውን በአራቱ ቀለም ካተማችሁት የሰናፍጭ ቀለም ሆኖ ያርፋል፤ ወርቅ እንዲመስል እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ልዩ ቀለም ወይም ፎይል (የሚለጠፍ ስስ አብረቅራቂ ሽፋን) ይፈልጋል፣ ዋጋው ይጨምራል። ጥቁር ከረጢት ላይ ደግሞ የበርበሬ ብናኝና የጣት ቅባት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ትንንሽ ጽሑፍ በነጭ ከቀይ ውስጥ አታውጡ። ቀዩን የሚሠሩት ማጀንታና ቢጫ ሲታተሙ ቅንጣት ከተዛነፉ የ«ሽ» አናት ላይ ያለችው ሰረዝ ትዋጣለች፣ «ሽሮ» የነበረው «ስሮ» ሆኖ ይነበባል።

ወደ ታፔላው ስንመጣ፣ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ወደ ደቡብ የዞረ ፊት በጋውን በሙሉ ይመታል። በባነር የታተመ ቀይ ከማጀንታና ከቢጫ የተሠራ ነው፣ ቀድመው የሚለቁትም እነዚያ ናቸው። ስለዚህ ቀዩን ከስሩ ቀይ ከሆነ ስቲከር አስቆርጡ። የፊደሉ ቁመት ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከ30 ሜትር እንዲነበብ 25 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

ባለ ሱቅ፣ ጎንደር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወርቃማው ቀርቷል። መስኮቱስ? ደግሞ ታፔላው ላይ የፋሲል ግቢን ቡናማ ብንጠቀምስ?

ቀለም ለይ፦
በግቢው ድንጋይ መኩራት ተገቢ ነው፤ ግን ቡናማ ታፔላ ቡናማ ግድግዳ ላይ ይሰወራል። የግንቡን ምስል በትንሹ ክሬሙ ላይ አስቀምጡት።

መስኮቱን ግን ተጠንቀቁ። ብርሃን የበርበሬን ቅላት ያነጣዋል። መስታወት ያለው መደርደሪያ ላይ የቆየ ከረጢት መስኮቱ በኩል ያለው በርበሬ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ገዥም አሮጌ ነው ብሎ ይመልሰዋል። የግድ ከሆነ ከጀርባ፣ ከታች፣ ከሁለት ጣት ያልበለጠ ይሁን።

ሁለት ዲዛይን ከቀረባችሁ 20፣ 20 ከረጢት አሳትሙና በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ዋጋ አስቀምጡ፤ ግራና ቀኙን በየቀኑ አለዋውጡ፣ ለሁለት ሳምንት ቁጠሩ። አንዱን ከዐቢይ ጾም በፊት፣ ሌላውን በጾሙ አትሞክሩ፤ በጾም ሽሮ በራሱ ይሸጣልና ቀለሙ ሸጠው ትላላችሁ።