ልጄ የቆዳ ሕመም አለባት፤ ስፌቱን ልተወው ወይስ ልቀጥል?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ናችሁ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ወንድ ነው፣ 9 ዓመቱ። ትንሿ 4 ዓመቷ ሲሆን ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ የሚባል ሕመም አለባት። በጣም ጥቂት ልጆች ላይ ስለሚከሰት ብዙ ሰው አያውቀውም። የቆዳዋ ሽፋኖች በደንብ አልተያያዙም። ትንሽ ነገር ሲፈትጋት ወዲያው ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። በዘር የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ባጃጅ ውስጥ ስንቱን አስረድቻለሁ! እሳት ያቃጠላት የሚመስላቸው አሉ፤ ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው የሚስቡም አሉ።

ጥያቄዬ ግን ስለ ስፌት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጠምኩ አልጋ ልብስ እሰፋለሁ። ከላይ የተገጣጠመው፣ መሃል ያረጀ ጋቢ፣ ከሥር አቡጀዲ። ሦስቱን ደርቤ በእጄ እወሰውሰዋለሁ። አሁን የያዝኩት ከድሮ ሽቲዎቼና ከባለቤቴ ሽርጦች የወጣ ነው። ቢጫው ከአረንጓዴው ጋር ሲገጥም ደስ ይላል።

ጠዋቴ የልጄ ነው። ፋሻው ቁስሉ ላይ ከተጣበቀ ለብ ባለ ውሃ አርሶ ማላቀቅ። አዲስ የቋጠረ ካለ እንዳይሰፋ ከፋርማሲ በተገዛ ንጹሕ መርፌ በስቶ ማፍሰስ፣ የላይኛውን ቆዳ ግን እንዳለ መተው። ከዚያ ቫዝሊን ያለው ጎዝ፣ በላዩ ፋሻ። ፕላስተር አጠገቧ አይደርስም፤ ሲነሳ ቆዳዋን ይዞ ነው የሚነሳው። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሙቀት ሲያይል ደግሞ ይብስባታል።

የምሰፋው ቀትር ላይ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ ከተማው ሲያርፍ፣ እሷም ፋን ሥር ስትተኛ። አማቴ ግን “ልጅሽ እንዲህ ሆና አንቺ ድሪቶ ትገጥሚያለሽ?” ይሉኛል። ባለቤቴ አይከለክለኝም፤ “ያቺን ሰዓት ለትልቁ ብትሰጪውስ?” አለኝ እንጂ። እሱም እውነት አለው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ውሎውን አይነግረኝም። “ዛሬ አለቀሰች?” ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። ይሄ ያንገበግበኛል።

ታዲያ ለምን አትተዪውም ትሉኝ ይሆናል። ጠዋት ያሰርኩት ፋሻ በነጋታው ይፈታል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የሰፋሁት ግን ተሰፍቶ ያድራል። በቀን አንድ ነገር አልቆ ማየት እፈልጋለሁ። ለልጅቷም ጠቅሟታል፤ ቆዳዋን እንዳይፈትጋት ልብሷን ሁሉ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጌ የምሰፋላት እኔ ነኝ። አሁን አንዲት ሙሽራ አልጋ ልብስ ስፊልኝ ብላኛለች። ልቀበል? እናንተስ ቤት እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ነው የሚሆነው?

ነርስ ከሐረር፦
እህቴ፣ ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። የቁስል አያያዝሽ ደህና ነው። እኔን ያሳሰበኝ ስትሰፊ ጨርቁን የምትይዢበት ስፒል ነው፤ ወለል ላይ ወድቆ ልጅቷን እንዳይወጋት። ባለ ትልቅ ጭንቅላት፣ ባለ ቀለም ስፒል ተጠቀሚ። ስትነሺም ወለሉ ላይ ማግኔት አዙሪበት። ቁስሉ ከሸተተ፣ ዙሪያው ከቀላ ወይም ካተኮሳት ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጃት። አማትሽ ልጅቷን በብብቷ ይዘው እንዳያነሷት ንገሪያቸው፤ ከመቀመጫዋና ከጀርባዋ ደግፈው ነው። ትዕዛዙን አትቀበዪ። ሠርግ ቀኑ አይገፋም፤ የልጅሽ ሕመም ደግሞ መቼ እንደሚብስ አይታወቅም።

የማኪና ግርግር ልጅ፦
አቦ አይዞሽ! አባቴ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ማኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነው። መንገዱ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ድምፅ ነው፤ ከየመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ሞልቷል። ለልጅሽ ፖሊስተር አትጠቀሚ፣ ያሞቃል። አዲስ ጨርቅም ከሆነ ከመስፋትሽ በፊት ደጋግመሽ እጠቢው፤ ድርቀቱ ይለቃል። በትዕዛዙ ግን ከነርሷ ጋር አልስማማም። ተቀበይ፣ ቀን ብቻ አትቁረጪ። “ሲያልቅ እደውላለሁ” በያት፤ ካልተስማማት ሌላ ትፈልግ። ትልቁን ልጅ ቀለም አስመርጪው። እኔን አባቴ ልጅ ሆኜ ቁልፍ ያስለቅመኝ ነበር። ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ስንቱን ነገር ነግሬዋለሁ።

አንድ አባት፦
የእኔ ልጅ ሄሞፊሊያ አለበት፤ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ሕመሙ ሌላ ነው፣ የቤቱ ጭንቀት ግን ያው ነው። ባለቤትሽ ፋሻ ይቀይራል? ምንም አላልሽም። የቀትሯ ሰዓት ከስፌትሽ ላይ ለምን ትቀነሳለች? እሱ የጠዋቱን ሥራ ይልመድ፤ አንቺ ከትልቁ ጋር ቁርስ ብይና ትምህርት ቤት አድርሺው። እኔም መጀመሪያ ልጄ ሲያለቅስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ አለማመደችኝ።

የሳቢያኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ባለቤቴ ፋሻ አይቀይርም፤ ልቅሶዋን አይችለውም። የዚያን አባት መልስ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና “ቅዳሜ አሳዪኝ” አለ። እንግዲህ ከቅዳሜና እሑድ እንጀምራለን።

ለትልቁ ጨርቁን ወለል ላይ ዘረጋሁለት። እኔ የደረደርኩትን ሁለት ረድፍ አፍርሶ ቀዩን ዳር ዳር አደረገው። እያስቀመጠ፣ ክፍላቸው ውስጥ እርሳስ ስለሚቀማው ልጅ አወራኝ። ይህን ከዚህ በፊት አልሰማሁም ነበር። አልጋ ልብሱ የእሱ ነው፤ ቀዩም ዳር ላይ ይሆናል።

ሙሽራዋን አይሆንም ብያታለሁ። ቀን አትቁረጪ ያልከው ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን እኔ የሰው ገንዘብ ከተቀበልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ነርሷ፣ ማግኔት ታይዋን ገበያ ስፒከር ከሚጠግን ልጅ አግኝቻለሁ፤ ጥሩ ይሠራል። አማቴንም አነሳሷን አሳይቻቸዋለሁ፤ አሁን ሌላውን ሰው የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።

የማኪና ግርግር ልጅ፣ አባትህ ጋ ስስ የጥጥ ቁርጥራጭ ካለ በኪሎ እገዛለሁ። ወደ ድሬ በሚመጣ ሚኒባስ ላክልኝ፤ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። የሱሪ ጨርቅ ብቻ እንዳትጨምርበት።