ወዳጅነት ቦምብ ያስቀራል? የደቡብ ኮሪያና የፓኪስታን ጉዳይ

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፦
የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «ጠላቱ የኑክሌር ቦምብ ያለው አገር፣ ወዳጆቹ እንጠብቅሃለን ስላሉት ብቻ የራሱን ከመሥራት ይቆጠባል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደቡብ ኮሪያንና ፓኪስታንን በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፌ፣ ጠመኔውን እንደያዝሁ ደወሉ ተደወለ። ሁለቱም ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ቃል ኪዳን ነበራቸው፤ ታዲያ አንዷ ትታ ሌላዋ የሠራችው ለምንድን ነው?

መልስ፣ ከአዳማ፦
መምህር፣ እንደ እኔ ግምት ወሳኙ የቃል ኪዳኑ መኖር ሳይሆን መታመኑ ነው። ፓኪስታን ሲቶና ሴንቶ የተባሉት፣ አሜሪካ የምትደግፋቸው የመከላከያ ኅብረቶች አባል ብትሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከህንድ ጋር በተዋጋችበት ጊዜ ምሥራቃዊ ግዛቷ ተገንጥሎ ባንግላዴሽ ሲሆን ከዚያ ያዳናት አጋር አልነበረም፤ በማግስቱ፣ በ1972 መጀመሪያ፣ መሪዋ ቡቶ ሳይንቲስቶቻቸውን በሙልታን ሰብስበው የቦምቡን ሥራ አስጀመሩ። ደቡብ ኮሪያም ብትሆን፣ አሜሪካ በ1971 አንድ ክፍለ ጦር ስታስወጣባት በድብቅ ጀምራ ነበር። ያቆማት ግን ያው አጋሯ ነው፦ ዋሽንግተን ጫና ስላደረገችባት በ1975 የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት አጸደቀች፣ በ1976 ደግሞ ፕሉቶኒየም ማውጫ ፋብሪካ ከፈረንሳይ የመግዛት ውሏን ሰረዘች፤ የቀረው የአሜሪካ ጦርም ከአገሯ አልወጣም። አጋርነት ከለላም ልጓምም የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

መልስ፣ ከሌላ የሐዋሳ አንባቢ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ኃያል ጠባቂ የሌለበትን መንገድ አንርሳ። ብራዚልና አርጀንቲና በ1991 የጋራ የቁጥጥር ተቋም አቋቁመው፣ የብራዚል ተቆጣጣሪ የአርጀንቲናን፣ የአርጀንቲናውም የብራዚልን የኑክሌር ተቋማት ገብቶ ይፈትሻል። በእኛ አህጉርም ስድስት ቦምቦች ሠርታ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ነበረች፤ የሠራችውም አጋር አጥታ በተገለለችበት ዘመን ነው። ቦምቦቹን ካፈረሰች በኋላ በ1996 ካይሮ ላይ የተፈረመውና በ2009 ሥራ ላይ የዋለው፣ አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ ቀጠና የሚያደርገው ስምምነት፣ ፔሊንዳባ የተባለው በዚያችው አገር የኑክሌር ምርምር ማዕከል ስም ነው። ለተማሪዎችዎ ይህንን ቢያስተምሩ ደስ ይለኛል፤ የራሳችን ታሪክ ነውና።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሰሜን ኮሪያስ? ከቻይና ጋር ከ1961 ጀምሮ ውል አላት።

መልስ፣ ከአዳማ፦
ውሉ አልፈረሰም፤ ነገር ግን ሶቪየት ኅብረት በ1990፣ ቻይና ደግሞ በ1992 ለደቡብ ኮሪያ ዕውቅና ሰጡ። ፒዮንግያንግ ያን ጊዜ በአጋሮቿ ላይ የነበራት እምነት ላላ፤ በ2003 የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ከሚከለክለው ስምምነት መውጣቷን አሳወቀች፣ በ2006 የመጀመሪያ ሙከራዋን አደረገች።