ረቂቁ ላይ አስተያየት ስጡ፦ ማሽን እንጠይቅ ወይስ መድኃኒት?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማኅበራችን ለጤና ቢሮ የሚያስገባው የጥያቄ ረቂቅ አንደኛ ነጥቡ «የአንቲቦዲ መመርመሪያ ማሽን ጅማ ይግባ» ይላል፤ አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚዋጋበት ፕሮቲን ነው። ምን ትላላችሁ?

ነርሷ አባል፦ ማሽኑ ቀድሞ መምጣቱ አልተዋጠልኝም። የዚያ ምርመራ ትልቁ ሥራ ከተከላው በፊት ነው። በእርግዝና፣ ደም በመውሰድ ወይም በቀድሞ ተከላ ሰውነቱ አንቲቦዲ ያዘጋጀ ሰው፣ የለጋሹ ሴልና የእሱ ደም አብረው ሳይፈተሹ ኩላሊት ቢገባለት፣ ኩላሊቱን በሰዓታት ውስጥ ሊያጣው ይችላል። ያንን ተከላው የሚሠራበት ቦታ ይፈትሽ፤ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው አዲስ አበባ ያለው ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። በእኛ እጅ ያለው ከተከላው በኋላ የሚመጣው ነው። መድኃኒት ሲቆራረጥ ሰውነት በተተከለው ኩላሊት ላይ አዲስ አንቲቦዲ ሊሠራ ይችላል።

አንድ አባል፦ እኔው ምስክር ነኝ። ሰውነቴ የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የምወስደው መድኃኒት፣ ታክሮሊመስ፣ ሊያልቅብኝ ሲል የማታውን እየዘለልኩ የጠዋቱን ብቻ እውጥ ነበር። ለማብቃቃት መሆኑ ነው! እንዲህ ሁለት ወር ሄድኩ። ሕመም የለ፣ እብጠት የለ። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው ክሬቲኒኔ ግን ከ1.3 ወደ 2.4 ወጣ፤ ከኩላሊቱ ናሙና ተወስዶ ሲታይም (ባዮፕሲ) ሪጀክሽን፣ ማለትም ሰውነቴ ኩላሊቱን መግፋቱ፣ ሆኖ ተገኘ። ኩላሊቱን የሰጠችኝ እህቴ ፊት መቆም አፈርኩ።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው አንደኛው ነጥብ የአንድ ወር መጠባበቂያ መድኃኒት ይሁን። ሱቄ ውስጥ ቦታ አለኝ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ሱቅ አይሆንም፤ የሆስፒታል ፋርማሲ ያስቀምጠው፣ የአገልግሎት ጊዜውንም ይከታተል። ሁለተኛው ነጥብ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን የሚለካው ምርመራ ይሁን። ማታ 2 ሰዓት የዋጠ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ሳይውጥ ደም ይሰጣል፣ ከዚያ ይውጣል። ለዚህ ብሎ ከጅማ አዲስ አበባ ወርዶ ማደር አለበት? ደሙ በቅዝቃዜ ቀናት ይቆያል፤ እዚህ ተቀድቶ ይላክ።

አንድ አባት፦ ልጄ፣ የረመዳኑስ ነገር?

ነርሷ፦ አባባ፣ ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ከ13 ሰዓት ይበልጣል፤ መድኃኒቱ በየ12 ሰዓቱ ነው። ሐኪሙን ሳያማክር ማንም ሰዓት እንዳያዛውር። ደግሞ ካርድ እናሳትም፦ «ንቅለ ተከላ አድርጌያለሁ» የሚል። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን ያወርደዋል፤ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ይህን በምን ያውቃል?

ጸሐፊ፦ ማሽኑን ወደ መጨረሻ አወረድኩት። የካርዱን ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚያዘጋጅ ማን ነው? እስከ ሐሙስ ይድረሰኝ።