«ባሪያ» የሚለው ቃል ከዕለት ንግግራችን ይውጣ ወይስ ይቆይ?

መነሻ ጥያቄ፦ «እንደ ባሪያ ሠራሁ»፣ «የሱስ ባሪያ»፣ «ያ ባሪያ» እያልን ውለን እናድራለን። ቃሉ መጀመሪያ የአንድ ሕዝብ መጠሪያ ነበር የሚሉ አሉ። የለም፣ የተገዛ ሰው መጠሪያ ነበር፣ በኋላ ለሕዝቡ ተለጠፈ የሚሉም አሉ። በጽሑፍና በፊልም ትርጉም ላይ ምን እናድርገው?

የግዕዝ መምህሩ፦ ከድንጋዩ እንነሳ። በ4ኛው መቶ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በኖባ ሕዝብ ላይ የዘመተበትን ምክንያት በድንጋይ ሲያስቀርጽ፣ ኖባ ግፍ የሠራባቸው ሕዝቦች ብሎ መንጉርቶን፣ ኀሳንና ባርያን ይጠራል። እዚያ ቦታ ባርያ የሕዝብ ስም ነው። ለተገዛ ሰው ግዕዝ የራሱ ቃል አለው፤ ወንዱ ገብር፣ ሴቷ አመት። ገብረ ማርያም ማለት የማርያም ባሪያ ማለት አይደለምን? ስለዚህ የሕዝቡ ስም ቀደመ፣ የባርነቱ ትርጉም ተከተለ ባይ ነኝ። ባሪያ ፈንጋይ ደጋግሞ ከአንድ ወገን ሰው ሲያመጣ የወገኑ ስም የተሸጠው ሰው ስም ሆኖ ይቀራል። እንግሊዝኛው «ስሌቭ» ከስላቮች ስም የወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

የታሪክ መምህርቷ፦ መምህር፣ ድንጋዩ ስሙ በዚያ ዘመን እንደነበረ ይመሰክራል፤ ስሙን ማን እንዳወጣው ግን አይናገርም። ጎረቤት በንቀት ያወጣው ስምም በድንጋይ ይቀረጻል። በዚህ ስም ሲጠሩ የኖሩት ሰዎች ዛሬም በምዕራብ ኤርትራ፣ በባሬንቱ ዙሪያ አሉ፤ ራሳቸውን ናራ ይላሉ። ለእኔ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል። ኦሮሞ ይጠራበት የነበረው የቀድሞ ስም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከመንግሥት ጽሑፍ ሲወጣ ምንጩን አጣርቶ የጨረሰ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ይከራከሩበታል። «ፈላሻ»ንም ተመልከቱ። ሥሩ ፈለሰ ነው፤ ፍልሰታ ብለን የምንጾመውም ከዚሁ ሥር ነው። ሥሩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቤተ እስራኤሎች ስሙን አይቀበሉትም፤ ርስት የሌለው መጻተኛ እየተባሉ የተገፉበት ነውና።

ተርጓሚው፦ በሥራ ላይ ግን ቃሉ አንድ ቃል አይደለም። «እነሆኝ የጌታ ባሪያ» የሚለውን የማርያምን ቃል ማንም አይነካም። ስለ ታሪክ ሲጻፍም መቆየት አለበት። «አገልጋይ» ብለው የሚያለሰልሱ አሉ፤ ይህ ውሸት ነው። አገልጋይ ደመወዝ አለው፣ ካልተስማማው ጥሎ ይሄዳል። የተሸጠው ሰው ሁለቱም አልነበረውም። «በባርነት የተያዙ ሰዎች» ቢባል ሰውየው ሰው እንደሆነ ይቆያል፣ ግፉም አይደበቅም።

አርታኢዋ፦ በኮምፒውተር ፈልጎ መተካትን ተጠንቀቁ። «ባሪያ»ን በሙሉ በ«አገልጋይ» ተካ ስትሉት «ማባሪያ የሌለው ጦርነት» የሚለው «ማአገልጋይ የሌለው ጦርነት» ሆኖ ይወጣል። «ባርያ» ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ያመልጣል፤ «ባሮች» እና «ባርነት»ም እንዲሁ። እያንዳንዱን ቦታ በዓይን አንብቦ መወሰን ነው እንጂ አቋራጭ የለውም። «እንደ ባሪያ ሠራ» ባለበት «ጉልበቱ እስኪዝል ሠራ» ይበቃል። «የሱስ ባሪያ» ባለበት «ሱስ የተጠናወተው»።

ተርጓሚው፦ በመጨረሻው አልስማማም። «የሱስ ባሪያ» ማንንም ሕዝብ አያነሳም፤ የሚያወራው ነፃነቱን ስላጣ ሰው ነው። እሱን ከከለከልን «ነፃነት» የሚለውንም ልንከለክል ነው።

የታሪክ መምህርቷ፦ እሱ ይቆይ፤ እኔ የምታገለው ከሌላው ጋር ነው። ጠቆር ያለ ጓደኛን «ባሪያው» ማለት፣ በዋሽንግተን ጎዳና የሚያልፈውን ጥቁር አሜሪካዊ በአማርኛ «ያ ባሪያ» ማለት። «ለፍቅር ነው»፣ «አይሰማም» ይባላል። በአገራችን ጉሙዝም፣ ከፋም፣ ወላይታም፣ ኦሮሞም ተሽጧል፤ በመልክ የተለየ አልነበረም። ቃሉን ከቆዳ ጋር ያጣበቅነው እኛ ነን። የ1916ቱ አዋጅ ንግዱን ቢያወግዝም ሁሉንም ነፃ አላወጣም፤ ባርነት በሕግ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። አያቱ የተሸጠችበት ሰው ዛሬ አጠገባችን ተቀምጦ ሊሰማን ይችላል።

የግዕዝ መምህሩ፦ በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ በክታቦች ላይ «ባርያ ወሌጌዎን» ተብሎ የሚጠራ የሚጥል በሽታ መንፈስ አለ። ክታብ የሚተረጉም ሰው ይህን «ባሮች» ብሎ ቢተረጉም ይስታል፤ የመንፈስ ስም ነውና እንዳለ ይቀመጥ፣ ከግርጌ ይብራራ።

አርታኢዋ፦ እንግዲህ በእኛ በኩል፦ በጥቅስ፣ በታሪክና በክታብ ይቆያል፤ ሰው ሲጠራበት ይወጣል፤ የሕዝቡ ስም ሲመጣ ናራ ይጻፋል። «የሱስ ባሪያ»ን ግን ገና አልለቀቅኩትም።