ውሻ የት ይከተብ? ለፒያሳ፣ ለአራት ኪሎና ለካዛንቺስ ሰዎች ጥቆማ

ጥያቄ፦ ሰላም ሰፈርተኞች። አራት ኪሎ ነኝ። ግቢ የሚጠብቅ ውሻ አለን፤ ሰሞኑን ደግሞ ልጆቹ ቡችላ አስገዙኝ። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረዳ ይሻለኛል ወይስ የግል ክሊኒክ? ቤት ድረስ መጥቶ የሚከትብም አለ ብለውኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱን ለየብቻ እያቸው።

የግቢው ውሻ በየዓመቱ የሚታደስ አንድ መርፌ ነው የሚፈልገው፤ ወረዳ ይበቃዋል። በከተማ ግብርናው በኩል የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አሉ፣ ክፍያውም ከግል ጋር አይወዳደርም። መድኃኒቱ ግን አንዳንዴ ያልቃል፤ ውሻውን በሰንሰለት እየጎተትክ ከመውጣትህ በፊት ጠይቅ። በዘመቻ ቀን ከሄድክ ማልደህ ሂድ። ፀሐይ ሲበረታ ውሾቹ ሰልፍ ላይ መናከስ ይጀምራሉ፣ ባለቤቶቹም እንደዚያው።

ቡችላውን ግን ለግል ክሊኒክ ስጠው። ከእብድ ውሻው ክትባት ሌላ ዲስቴምፐርና ፓርቮ የሚባሉትን የውሻ በሽታዎች የሚከላከሉ ተደጋጋሚ መርፌዎች ስላሉበት ቀጠሮ የሚይዝለትና ካርድ የሚከፍትለት ሰው ያስፈልገዋል። ሻጮች «ተከትቧል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የዲስቴምፐርና የፓርቮውን ቅልቅል ነው የሚሉት፤ እሱ በተለምዶ የእብድ ውሻን አይጨምርም። ካርዱ ላይ «ራቢስ» (የእብድ ውሻ በሽታ ማለት ነው) ተብሎ ለብቻው ካልተጻፈ እንዳልተከተበ ቁጠረው። የራቢሱን ሦስት ወር ሲሞላው አስወጋው፣ በዓመቱ ይደገምለታል።

ቤት ድረስ የሚመጣው ለኃይለኛ ውሻ ግልግል ነው፤ መኪና ውስጥ ከመታገል ያድናል። ግን ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በረዶ ያለው ሳጥን ይዞ ከመጣ፣ ብልቃጡን ፊትህ ከከፈተና ስቲከሩን ካርዱ ላይ ከለጠፈ ጥሩ። ከኪሱ ካወጣ ሻይ ጋብዘህ ሸኘው።

ከእብድ ውሻ ክትባት ስሞች ኖቢቫክ ይሻላል ወይስ ራቢሲን ለምትሉ፦ ሁለቱም ከሞተ ቫይረስ የተሠሩ ናቸው። እኔ ከስሙ ይልቅ የክሊኒኩን ፍሪጅ ነው የምጠይቀው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነኝ። ውሻዬ ተከትቧል። የጎረቤት ልጅ ቢነክስ ካርዱ ያድነኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከካሳ አያድንሽም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤትን እንስሳው በድንገት አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ «ሠራተኛዋ በሩን ሳትዘጋ ቀርታ ነው» የሚለው አያዋጣም። ካርዱ የሚጠቅመው ሐኪሙ ስጋቱን ሲመዝን ነው።

ልጁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሕክምና። ክትባቱ በየጤና ጣቢያው ላይኖር ስለሚችል እየደወላችሁ ሂዱ። በዚህ በሽታ የቆየ ልምድ ያለው ጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ለባለ ታክሲ «ፓስተር» በሉት። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ከክትባቱ ጋር ኢሚውኖግሎቡሊን (ቫይረሱን ወዲያው የሚከላከል ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል) ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ መጀመሪያ ግን መርፌው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ውሻሽንም ሰፈሩ ተናዶ እንዳይገድልብሽ አደራ። ታስሮ 10 ቀን መታየት አለበት፤ 10 ቀን በጤና ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። በመሀል ከሞተ አትቅበሩት፣ በእጃችሁም አትንኩት። በሽታው የሚረጋገጠው አንጎሉ ላብራቶሪ ሲታይ ስለሆነ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ድመትም ያው ነው፣ እኛ ሰፈር ድመት የሚያስከትብ ባይኖርም።

ጥያቄ፦ ድመቴን ይዤ ወደ ጀርመን ልሄድ ነው። የወረዳ ካርድ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ ቁጥር)፣ ከዚያ ክትባት፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክትባቱ አይቆጠርልህም። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ የአውሮፓ ኅብረት ወደሚቀበለው ላብራቶሪ ይላካል፣ ክትባቱ የፈጠረው የመከላከያ መጠንም በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት (IU/ml) መሆን አለበት። ደሙ ከተወሰደበት ቀን አንስቶ ደግሞ ሦስት ወር መጠበቅ አለ። ይህን ሠርቶ የሚያውቅ የግል ክሊኒክ ፈልግ፤ «ስንት እንስሳ አውሮፓ ልካችኋል?» ብለህ ጠይቃቸው። የአውሮፕላን ትኬቱን ከዚያ በኋላ ቁረጥ።