«በቀሃ ወንዝ ባንክ» ብዬ ባነር ሰቅያለሁ፣ ቶሎ እርዱኝ!

የማራኪ ልጅ፦ ሰላም ናችሁ? ለጥምቀት እንግዶች ባነር እያሠራሁ ነው። እንግሊዝኛውን በስልኬ ባስተረጉመው «ፋሲል መዋኛ በቀሃ ወንዝ ባንክ ይገኛል» አለኝ። ሳላስተውል አንዱን አሳትሜ ሰቀልኩት። አሁን ሁለት ሰዎች ባንኩ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ! ሦስት ይቀረኛል፤ አታሚው እየጠበቀኝ ነው። ምን ልበል?

አዘዞ ነኝ፦ «በቀሃ ወንዝ ዳር» በል። አለቀ።

ጡረተኛው መምህር፦ ወንድማለም፣ ቃሉ ሁለት ፍቺ ስላለው ነው። እንግሊዞች የወንዝ ዳርንም የገንዘብ ቤትንም ባንክ ይላሉ። የወንዙ ቀድሞ ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ገባ። የገንዘቡ በጣሊያን በኩል መጣ። እዚያ ገንዘብ መንዛሪዎች ገበያ መሀል አግዳሚ ዘርግተው ይሠሩ ነበር፤ አግዳሚዋ «ባንካ» ትባላለች። ለከሰረ ሰው የሚሉት «ባንክራፕት»ም ከ«ባንካ ሮታ» ነው፣ የተሰበረ አግዳሚ። ጣሊያኖችም ቃሉን ያገኙት ከጥንት ጀርመንኛ ስለሆነ የሁለቱ ሥር አንድ ነው። የኛን መደብ አስቡት። ቤት ውስጥ ከግድግዳው ተያይዞ የሚሠራው የጭቃ መቀመጫ መደብ ነው። ቅዳሜ ገበያም ሽንኩርት በመደብ ይሸጣል። ከመቀመጫ እስከ ገበያ ለቃል ሩቅ መንገድ አይደለም! ወደ አማርኛ የገባው ግን የገንዘቡ ባንክ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት ስሙም አብሮ...

እታለም፦ መምህር፣ ደስ ይላል፣ ግን ልጁ ማተሚያ ቤት ቆሟል!

የአራዳው፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ስለ ፋሲል መዋኛ በአማርኛ ለመጻፍ ከእንግሊዝኛ መነሳት ለምን አስፈለገ? መጀመሪያ በራስህ አፍ ጻፈው።

የማራኪ ልጅ፦ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው የተሰጠኝ፣ ምን ላድርግ?

የቀሃ ሰፈር፦ «ዳር»ም ልክ አይመስለኝም። ዳር ስትል ሰው ወንዙ ጠርዝ ላይ ይፈልገዋል። መዋኛው እኮ ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ ውሃው ለጥምቀት ከቀሃ ተጠልፎ ይገባለታል። «ከቀሃ ወንዝ አጠገብ» ብትል ይሻላል።

ጡረተኛው መምህር፦ እውነት ነው፣ «አጠገብ» ይበልጣል። የደም ባንክ ሲኖር ግን «ባንክ»ን እንዳትነካው፣ እሱ የማስቀመጫ ቦታ ነው።

ሌላ ሰው፦ ዳር በለው ወንድሜ። ባንክ ማለት ዳር ነው።

እታለም፦ ተብሏል እኮ! «አጠገብ» ብለህ አሳትም። የተሰቀለውንም ዛሬውኑ አውርደው፤ ከተራ ደርሷል።